የእናቴ ዳግም

ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የተማርንበት መጽሐፍ ግን 100 ይላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የኬሚስትሪ መምህራችን ቡታጋዝ ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ በብርጭቆ ዕቃ የዝናብ ውሃ ጥደው፣ የትምህርት ቤቱን ብቸኛ ቴርሞሜትር በክር አንጠልጥለው ቁጥሩን ሲያስነብቡን፣ ሁላችንም የፈረድነው በቴርሞሜትሩ ላይ ነበር። ተበላሽቷል አልን። እሳቸው አልተቆጡም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ እንደተቀመጠች፣ በላያችን ያለው አየር ከቆላው አየር እንደሚሳሳ፣ ጫና የቀለለለት ውሃም ብዙ ሳይግል እንደሚፈላ በእርጋታ አስረዱን። ባቄላው በእናቶቻችን ድስት ውስጥ ለምን ያን ያህል ሰዓት እንደሚንተከተክ ያን ዕለት ገባን።

ቁጥሩን ካስነበቡን በኋላ ግን ዋናው ነገር መጣ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ግማሽ ሆነ፤ ከግማሽም ወረደ። እሳቱ አልተቀነሰም። የቴርሞሜትሩ ባዜቃ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። መምህሩ ዝም ብለው ያስመለከቱን ይህንን ነበር። ከዚያ ሌላ ውሃ ጥደው ጨው በእፍኝ ጨመሩበት። አሁን ባዜቃው ከቅድሙ ቦታ አልፎ ሄደ፤ ውሃው በተነነ ቁጥር፣ የቀረው ይበልጥ ጨዋማ በሆነ ቁጥር፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ። አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ቁስ የሚፈላበት የታወቀ ደረጃ እንዳለው፣ ድብልቅ ግን እየፈላ ደረጃውን እንደሚቀይር በዓይናችን አየን። ሁለቱን ውሃዎች ቀድመው በሁለት ብርጭቆ አስቀምጠው "ድብልቁ የትኛው ነው?" ብለው ጠይቀውን ነበር። ማንም አልለየውም። ጨው የሟሟበት ውሃ ከላይ እስከ ታች ወጥ ነው፤ ዓይን የሚይዘው ነገር የለውም። እሳት ግን ለየው።

በዚያ ሳምንት የተማርነው ዛሬም ለተማሪ የሚነገረው ነው። ንፁህ ቁስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ንጥረ ነገርና ውህድ። ብረት፣ መዳብ፣ ወርቅ፣ ኦክስጅን ንጥረ ነገሮች ናቸው። ውሃና ጨው ውህዶች ናቸው፤ በተወሰነ መጠን ከተዋሐዱ ንጥረ ነገሮች የተሠሩ። ድብልቅ የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱ ጠባዩን ይዞ አብሮ የተቀመጠበት ነው፤ ጠላ፣ አፈር፣ አየር፣ ወተት። መምህሩ ይህን ሲያስረዱ ከሁሉ በላይ ያቆሙን ጨው ላይ ነበር። ሶዲየም ብቻውን ውሃ ሲነካው እሳት የሚያነሳ ብረታ ብረት ነው። ክሎሪን ብቻውን ሳንባ የሚያቃጥል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ወጥ የሚጣፍጥበት ጨው ይሆናሉ። ውህድ ውስጥ የገባ ነገር የቀድሞ ጠባዩ አይገኝበትም። ድብልቅ ውስጥ ያለ ግን ጠባዩን አይለቅም፤ ስለዚህም በወንፊት፣ በማጥለል ወይም በእሳት መልሶ ሊለይ ይችላል።

የሚለይበትን መንገድ ሊያሳዩን ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሣሉ። ሆዱ የሰፋ ጠርሙስ፣ ከሥሩ እሳት፣ ከአንገቱ የሚወጣ ረጅም ቱቦ፣ ቱቦውን የሚከብ ቀዝቃዛ ውሃ፣ መጨረሻው ላይ መቀበያ ብልቃጥ። "እንዲህ ያለ ዕቃ ያየ አለ?" አሉ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ሥዕሉ አረቄ የሚወጣበትን ዕቃ ይመስላል፤ ለብዙዎቻችን ደግሞ በአረቄ ገንዘብ ነው ደብተር የተገዛልን፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን "የአረቄ ሻጭ ልጅ" መባል ስድብ ነበር። እናት ሌሊቱን ሙሉ እሳት ስትጠብቅ አድራ ልጆቿን ታስተምራለች፤ ልጆቿ ግን ሥራዋን በክፍል ውስጥ በስሙ መጥራት አይሆንላቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ያጣነው የእናቶቻችንን ክብር ብቻ አልነበረም፣ በእጃቸው የነበረውን ዕውቀትም ጭምር ነው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ተነሳች። "እናቴ ቤት አለ ቲቸር" አለች። ወደ ሰሌዳው ሄዳ በጣቷ እያመለከተች "ይኼ ማሰሮው ነው፤ ይኼ ሸምበቆው፤ ይኼ መቀበያው" አለችና ትንሽ ቆም ብላ፣ "ግን ውሃው አነሰ። እንዲህ ከሆነ እንፋሎቱ ሳይቀዘቅዝ ያመልጣል" ብላ ሥዕሉን አረመችው። መምህሩ የሣሉትን የማቀዝቀዣ ውሃ ደምስሰው አሰፉት። ከእንግሊዝኛው ስም ሥር ማሰሮ፣ ሸምበቆ፣ መቀበያ ብለው በትልቅ ጽሑፍ ጻፉ፤ እኛም ደብተራችን ላይ እንደዚያው ገለበጥነው። በሕይወቴ ካየኋቸው የማስተማር ሥራዎች ሁሉ ያንን የሚበልጥ አላየሁም።

የእኔም እናት ማሰሮ የጓዳው ጥግ ላይ ነበር። ሥራው የሚጀምረው በጌሾ ቅጠልና በብቅል ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተጠንስሶ ለቀናት ይቀመጣል። ከዚያ የእህል ዱቄት ተቦክቶ በቂጣ መልክ ይጋገርና፣ ተቆራርሶ ከጥንስሱ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ድፍድፍ ነው። ውርጭ በሚበዛበት በጥቅምትና በኅዳር ከሌላው ወር ይልቅ ይዘገያል፤ እናቴ ጋኑን በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለው ነበር። ውስጡ የሚኖረው ነገር እርሾውም፣ አልኮሉም፣ አሲዱም፣ ገለባውም፣ የጌሾው መራራም ነው። ከድፍድፍ የበለጠ ድብልቅ የሆነ ነገር ማሰብ አልችልም።

ድፍድፉ ሲደርስ ማሰሮው ውስጥ ይገባል፤ አፉ ይገጠማል፤ ግጥሚያው በሊጥና በጭቃ ይመረጋል። ምርጊቱ የእናቴ ልዩ ጥንቃቄ ነበር። በፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ጉልበቱ ሁሉ በዚያች ይወጣል ትል ነበር፤ እንፋሎቱን "ጉልበት" ነው የምትለው። ከማሰሮው የሚወጣው ሸምበቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ መቀበያ ይወርዳል። የእኔ ሥራ ውሃው ነበር። እጄን ነክሬ ለብ ማለቱን ስነግራት "ቀይሪው" ትለኛለች። እንደገና ወደ ቦኖ እሮጣለሁ። እሳቱን ግን ለማንም አትሰጥም። ከበዛ ማሰሮው ይገነፍላል፣ ድፍድፉም በሸምበቆው በኩል አልፎ መቀበያውን ያበላሻል፤ ካነሰ ደግሞ ምንም አይወርድም። እዚያው ጉልቻው አጠገብ፣ በርጩማዋ ላይ፣ አንዱን እንጨት አስገብታ ሌላውን እየሳበች ታነጋለች።

መምህሩ በክፍል የነገሩን እዚህ ላይ ቦታውን ያዘ። በባሕር ወለል አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ በእኛ ከተማ 70 አካባቢ። ውሃው ደግሞ በ91። ድፍድፉ በመካከል አንድ ቦታ ላይ መፍላት ይጀምርና አልኮሉ እየወጣ ሲሄድ ወደ ውሃው ደረጃ ይጠጋል። የሚነሳው እንፋሎት ግን ሁልጊዜ ከሥሩ ካለው ፈሳሽ ይልቅ በአልኮል የበለጸገ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ብርቱ፣ ኋላ የሚወርደው ልል የሚሆነው በዚህ ነው። እናቴ የማቆሚያውን ሰዓት የምታውቀው በምላሷና በክብሪት ነበር። ትንሽ አረቄ ሳህን ላይ አፍስሳ እሳት ታስነካዋለች፤ ሰማያዊ ነበልባል ከያዘ ይቀጥላል፤ እምቢ ካለ መቀበያው ይነሳል። ማሰሮው ውስጥ የቀረው አተላ ለከብት ይሄዳል።

ያ የመጀመሪያው ተራ አረቄ ይባላል። ተራውን አጠራቅማ እንደገና ማሰሮ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ከዚህ የሚወጣው ዳግም ነው። በአገራችን በተደረጉ ልኬቶች ተራ አረቄ ከመቶ 34 ገደማ፣ ዳግም 46 ገደማ አልኮል ይዞ ተገኝቷል። ደህና ደንበኛ የሚጠይቀው ዳግሙን ነው። አንድ ማታ "እማዬ፣ ዳግሙን ደግመሽ፣ እሱንም ደግመሽ ብታወጪው ጭራሽ ንፁህ አልኮል አይሆንም?" ብዬ ጠየቅኋት። "ማን ሊጠጣው?" አለችኝ። "ባወጣሽው ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል፣ ጣዕሙ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ የማን ቤት አረቄ እንደሆነ እንኳን አይታወቅም።" ጥያቄውን ለመምህሩም አቀረብኩላቸው። ፈገግ አሉና "ለዚህ አራት ኪሎ ድረስ መሄድ ይኖርብሻል" አሉኝ።

ሄድኩ። አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከቁመቴ የሚበልጥ፣ በብርጭቆ ቁርጥራጮች የተሞላ ዓምድ ሠርተን አልኮልና ውሃ ለየን። በዓምዱ ውስጥ የሚወጣው እንፋሎት በየቁርጥራጩ ላይ እየቀዘቀዘና እንደገና እየተነነ ስለሚሄድ፣ የእናቴ ዳግም በአንድ ጊዜ ብዙ ጊዜ እንደተደገመ ያህል ነው። አልኮሉ ከመቶ 80 ደረሰ፣ 90 አለፈ፣ ከዚያ በክብደት 96 ገደማ ሲደርስ ቆመ። የፈለገ ዓምድ ቢረዝም፣ የፈለገ ቢደጋገም ከዚያ አያልፍም። በዚያ መጠን ላይ እንፋሎቱና ፈሳሹ እኩል አልኮል ስለሚይዙ እሳት የሚለየው ነገር ያጣል። ኬሚስቶች አዜዮትሮፕ ይሉታል።

ያስደነገጠኝ ግን ቴርሞሜትሩ ነው። ይህ ፈሳሽ ያለ ጥርጥር ድብልቅ ነው፤ በመቶ አራት ያህል ውሃ አለበት። ግን ሲፈላ በአዲስ አበባ ከፍታ 71 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ልክ ደብረ ብርሃን ክፍላችን ውስጥ የዝናቡ ውሃ እንደቆመው። ታዲያ መምህራችን ያሳዩን መለያ ከንቱ ነበር? ለቀናት አሰላሰልኩት። መልሱን ያገኘሁት ራሳቸው ባስተማሩን ሌላው ነገር፣ በአየሩ ጫና ውስጥ ነው። ጫናው ሲቀየር ውሃ የሚፈላበት ዲግሪ ይቀየራል እንጂ ውሃው ውሃነቱን አይለውጥም፤ ደጋም ሆነ ቆላ፣ አንድ እጅ ሃይድሮጅን ለስምንት እጅ ኦክስጅን በክብደት ነው። የአዜዮትሮፑ መጠን ግን ራሱ ይናጋል። ጫናው ሲቀንስ አልኮሉ በባሕር ወለል ከሚደርስበት 95.6 ከፍ ይላል፤ በጣም ከቀነሰ እገዳው እስከነአካቴው ይጠፋል። ንፁህ መስሎ የቆመው ድብልቅ ቦታ ስትቀይርበት ይገለጣል። አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ እንደማይበቃ የገባኝ ያኔ ነው፤ ቁሱን በሌላ ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

የቀረችውን ውሃ ለማስወጣት የድሮዎቹ ኬሚስቶች የተቃጠለ ኖራ ይጠቀሙ ነበር፤ ኖራው ውሃውን ነጥቆ ይይዘዋል። ዛሬ ፋብሪካዎች የውሃን ቅንጣት ብቻ የሚውጡ ቀዳዳማ ጠጠሮች አሏቸው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የሚያወጣው ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ከመቶ አምስት እጅ እየተቀላቀለ መሸጥ ሲጀምር፣ ድርቀቱ ለምን እንደሚያስጨንቅ ለጠየቁኝ ሁሉ ማስረዳት ደስታዬ ነበር። በቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ከገባ አልኮሉ ከውሃው ጋር ይሄድና ታንኩ ሥር ሁለት ፈሳሽ ሆኖ ይተኛል።

በእነዚያ ዓመታት ካነበብኩት ሁሉ የወደድኩት የሁለት ፈረንሳውያን ክርክር ነው። ክሎድ ሉዊ በርቶሌ እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ሄዶ በናትሮን ሐይቆች ዳር የተጋገረውን ሶዳ አየ። ጨውና የኖራ ድንጋይ እዚያ በሙቀትና በብዛት ተገናኝተው፣ አውሮፓ ቤተ ሙከራ ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውን ነገር ሲያደርጉ አገኛቸው። ከዚህ ተነስቶ፣ ቁሶች የሚዋሐዱበት መጠን እንደ አካባቢያቸውና እንደ ብዛታቸው ይለያያል ብሎ አሰበ። ዦዜፍ ሉዊ ፕሩስት ደግሞ በዚያው ጊዜ ስፔን ነበር የሚሠራው። ከማዕድን የወጣውን የመዳብ ካርቦኔትና በእጁ የሠራውን መዘነ፤ እኩል ሆኑ። የጃፓን ሲናባር ከስፔኑ ሲናባር፣ የፔሩ የብር ማዕድን ከሳይቤሪያው በመጠኑ እንደማይለይ አስረዳ። ሲናባር ባዜቃና ድኝ የተዋሐዱበት ቀይ ድንጋይ ነው። ሁለቱ ለዓመታት በጨዋ ቋንቋ ተከራከሩ። በርቶሌ ያቀረባቸው ብዙዎቹ ማስረጃዎች የተቀላቀሉ ብረቶችና የሟሙ ነገሮች ነበሩ፤ ማለትም ድብልቆች። ክርክሩ ፍሬ ያፈራው ውህድና ድብልቅ ከሥር ከመሠረቱ የተለያዩ መሆናቸው ጠርቶ ሲወጣ ነው። በርቶሌም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም። የቁስ ብዛት የለውጥን አቅጣጫ እንደሚወስን ያየው እውነት ነበር፤ መጠናቸው ትንሽ የሚዋዥቅ አንዳንድ ጠጣር ውህዶችም ኋላ ተገኝተው በስሙ ተጠርተዋል።

የፕሩስትን የሲናባር ነገር ሳነብ እናቴ "የማን ቤት አረቄ እንደሆነ እንኳን አይታወቅም" ያለችው ታወሰኝ። እሷ በምላሷ፣ እሱ በሚዛኑ አንድ ነገር ነው ያገኙት። ንፁህ ቁስ አገር የለውም። ከእናቴ ማሰሮ የወጣ ኤታኖልና ከፊንጫ የወጣ ኤታኖል እስከ መጨረሻው ቢጠሩ በምላስም ሆነ በሚዛን የሚለያቸው አንዳች ነገር የለም። እናቴን እናቴ ያሰኛት፣ ጎረቤት "ይኼማ የእሷ ዳግም ነው" ብሎ የሚመሰክርላት፣ ከአልኮሉና ከውሃው ውጭ ባለችው ጥቂት ነገር ነበር። ከእርሾው ጋር የተወለዱ ሌሎች አልኮሎችና ፍሬ ፍሬ የሚሸቱ ኤስተሮች፣ ከተጋገረው ቂጣ የመጣ የእሳት ሽታ፣ ምናልባትም የጌሾው ጠረን። ሁሉም ተደምረው ከሙሉው ትንሽ እጅ ናቸው። ትዝታዬ የተቀመጠው እዚያ ትንሽ እጅ ውስጥ ነው። ዛሬ ንፁህ አልኮል ባሸትት ቤተ ሙከራ ብቻ ነው የሚታወሰኝ፤ አረቄ ቤት በር ላይ ሳልፍ ግን የጓዳችን ጥግ እንዳለ ይመጣብኛል።

ይህ ሐሳብ አረቄ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ የናፍቆት ወሬ ይሆን ነበር። ሥራዬ ሆኖ ሕይወቴን የያዘው ግን ጨው ነው፤ እዚያም ያው ሐሳብ ጠበቀኝ።

በልጅነቴ ሁለት ዓይነት ጨው ነበር። ከብቶች የሚልሱት አሞሌ፣ ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ ተጠርቦ በግመል የወጣ፤ ለአያቶቻችን ገንዘብ ሆኖ ያገለገለ። ወጥ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ከአሰብ የሚመጣው ነበር። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአሰቡ መንገድ ሲዘጋ አገሪቱ አፋር ውስጥ ወዳለው አፍዴራ ሐይቅ ዞረች። የሐይቁ ውሃ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ጨው ተጋግሮ ይቀራል። የአሰቡም፣ የአፍዴራውም፣ የአሞሌውም ሶዲየም ክሎራይድ ከመቶ 39.3 እጅ ሶዲየም፣ 60.7 እጅ ክሎሪን ነው። ፕሩስት ቢያየው ባልተደነቀ። ልዩነቱ ያለው በቀረው ላይ ነው፤ በአፈሩ፣ በጂፕሰሙ፣ በማግኒዚየሙ። በሐምሌ የእናቴ ጨው ዕቃው ውስጥ ውሃ የሚያወጣው ከማግኒዚየም ክሎራይዱ የተነሳ ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ንፁሁ ሶዲየም ክሎራይድ እንዲያ በቀላሉ አይረጥብም። ምላስ ላይ የሚቀረው መራራም ከማግኒዚየሙ ነው።

በልጅነቴ በነበሩት ጨዎች ውስጥ ግን አንድ የጎደለ ነገር ነበር፤ ጉድለቱን ገበያ ውስጥ በዓይናችን እናየው ነበር። እንቅርት። ቅዳሜ ገበያ ከሚወጡት ሴቶች መካከል አንገታቸው ያበጠ ብዙ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይሸፍኑታል። እኛ ልጆች የውሃው ጠባይ ነው ሲባል ሰምተን አምነናል። እውነቱ፣ የደጋው ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ወስዶታል፤ አፈሩ ያጣውን እህሉም፣ ሰውም ያጣዋል። ከእንቅርቱ የሚብሰው ደግሞ የማይታየው ነው። እርጉዝ ሴት አዮዲን ሲያንሳት በማኅፀኗ ያለው ልጅ አእምሮ ይጎዳል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አንድ ኪሎ ጨው ውስጥ ጥቂት አስር ሚሊ ግራም አዮዲን መቀላቀል። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ወጣ።

እኔ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ከየገበያው የመጣ ጨው ይመረመራል። ጨውን ውሃ ውስጥ አሟሙተን፣ አሲድና ፖታሲየም አዮዳይድ ስንጨምርበት አዮዲኑ ይወጣል፤ ስታርች ሲነካው ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ቀለሙ እስኪጠፋ ድረስ ታዮሰልፌት በጠብታ እንለቅበታለን። ስንት ጠብታ እንደፈጀ አይተን አዮዲኑን እናሰላለን። ዕድሜዬን ንፁህ ነገር ለማውጣት የተማርኩ ሴት፣ አሁን የምጨነቀው ሆን ተብሎ ስለተቀላቀለ ነገር ነው። ደግሞም መቀላቀል ከመለየት አይቀልም። አዮዲኑ በጨው ላይ የሚረጨው በትንሹ ስለሆነ እኩል አለመዳረሱ የዘወትር ፈተና ነው። ከአንድ ጆንያ ከላይ የወሰድኩት የሞላ፣ ከሥር የወሰድኩት ባዶ ሲሆን አይቻለሁ። ጨው ሲረጥብ ደግሞ እርጥበቱ አዮዲኑን ይዞ ወደ ጆንያው ሥር ይወርዳል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣም ይቀንሳል። የደረቀ ጨውና የአዮዲን ቅመም ወጥ እስኪሆን ማገላበጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ይህን ሙያ በአፍዴራ ሐሩር ውስጥ አካፋና ማሽን ይዘው የሚሠሩ ሰዎች ከማንም በላይ ክብር ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

እናቴ አረቄውን ካቆመች በኋላ ልጠይቃት ስሄድ ከከተማ የታሸገ ጨው ይዤላት ሄድኩ። አፉን ፈትታ በውሃ ልታጥበው ተዘጋጀች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨው እንዲያ ነው የምታደርገው፤ የበፊቱ ጨው አፈር ነበረው፣ ሳይታጠብ ወጥ ውስጥ የሚያስገባው ባለሙያ አልነበረም።

"እማዬ፣ ይኼ አይታጠብም" አልኳት።

"ሳይታጠብ ንፁህ ነው እንዴ?"

"አይደለም። ያልሆነውም ሆን ተብሎ ነው። የሚታጠበው መድኃኒቱ ነው።"

አጠገቤ ተቀምጣ አስረጂኝ አለች። ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንቅርቱ፣ በማኅፀን ስላለው ልጅ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ የባለሙያ ጥያቄ ነበር፤ "እሳትስ ይወስደዋል?" አዎ፣ ብዙ ከተንተከተከ ይቀንሳል፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ብታደርጊው ይሻላል አልኳት። "እርጥበትስ?" እሱም። "እንግዲያው ክዳኑ ይመረግ በይኛ" አለች።

ጨዉን ጠበቅ ያለ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከጉልቻው አርቃ አስቀመጠችው። በሳምንቱ ስመለስ ለጎረቤቶቿ እያስተማረች አገኘኋት፤ አዮዲኑን "ጉልበቱ" ነው የምትለው። ጉልበቱ እንዳያመልጥ አትጠቡት፣ ክፍቱን አትተዉት፣ እሳት ላይ አታቆዩት ትላቸዋለች፤ የሸጠችላቸው ዳግም ምን ያህል ብርቱ እንደነበር የሚያስታውሱት ሴቶችም ይሰሟታል። እኔ የማስረዳው ከእሷ በኋላ ነው፤ የጨመርኩትም ቁጥሮቹን ብቻ ነው።